የአያ ታከለ ነጥብ

ሐምሌ 4፣ ጠዋት
የሾፌሮቹን የኢንተርኔት መድረክ ከፈትኩ። ዳባት ጭጋግ፣ ደባርቅ ዝናብ። የአያ ታከለ ጽሑፍ የለም። አዲ አርቃይ ነው የሚኖረው፤ ዕድሜውን አይሱዙ ላይ የጨረሰ ሰው። በየቀኑ ስለ ሊማሊሞ ቁልቁለት ይጽፋል። ፈልጌ ማጣሪያው ውስጥ አገኘሁት። ትናንት የጻፈው ነው፦ ከላይኛው ኩርባ በታች አፈር ወርዷል። ማንም አላየውም። አንባቢ የሚሰጠው ነጥብ ከዜሮ በታች ስለሆነ መድረኩን የምንጠብቀው እኔ ወይ ሞላ ካላሳለፍነው አይወጣም። አሳለፍኩት።
እንዲህ ያለ ሰው፣ ምነው?

ያው ቀን፣ ከሰዓት
ዳታቤዙን ከፍቼ አየሁ። መንገድ ተዘጋ ባለ ቁጥር የተደፋውን አውራ ጣት ይጫኑበታል። ጠልተውት አይደለም። ቲማቲማቸው ሊበሰብስ ነው፣ ሰርግ ሊቀርባቸው ነው። ከሥር ደግሞ «ዕድሜ ይስጥህ አያ» ብለው ይጽፋሉ። አፋቸው ይመርቃል፣ ጣታቸው ነጥብ ይቀንሳል። እኔስ መርዶ ላመጣልኝ ሰው አመስግኜ አውቃለሁ?
ፈንታ የሚባለው ሾፌር ግን ከከተማ፣ ከፒያሳ ሳይንቀሳቀስ «መንገዱ ሸጋ ነው» እያለ ነጥቡ ተቆልሏል።

ሐምሌ 6
ለሞላ ነገርኩት። መድረኩን የሠራው እሱ ነው፤ እኔ ጽሑፍ አያለሁ፣ ዳታቤዝ እጠብቃለሁ። ከተጣለ መጽሐፍ ገጽና ከቪዲዮ ቁራጭ የለቃቀምኩትን እውቀት ይዤ። ነጥብ በእጅ አይነካም አለኝ። ዛሬ ላንዱ ከጨመርን ነገ ሁሉም ዘመዱን ይዞ ይመጣል። እውነቱን ነው። እሺ አልኩ። እንደ ልማዴ።

ሐምሌ 9
ከቅዳሴ ስመለስ ከፈትኩት። አያ ታከለ ጎሕ ሳይቀድ ጽፏል፦ ናዳ አለ፣ ተሳፋሪ የጫናችሁ ደባርቅ ቆዩ። ማጣሪያው ውስጥ ተቀምጧል። ከላይ የፈንታ «ሸጋ ነው»። አንድ ሚኒባስ እሱን አምኖ ወረደ። ከፊቱም ከኋላውም አፈር ወረደበት። ውስጡ አራስ አለች።

ከሰዓት፦ ሰዎቹ በእግር ወጡ። ሁሉም ደህና፣ አራሷም።
አደረግሁት፣ ማስታወሻዬ። ለዳታቤዙ አንድ መስመር ትእዛዝ ጻፍኩ። የማንን ነጥብ እንደምቀይር ሳልጠቅስ ብልከው የሁሉም ሰው ነጥብ እኩል ይሆን ነበር። የሰውየውን መለያ ቁጥር ደጋግሜ አየሁና ላክሁት። አያ ታከለ ከሁሉም በላይ ሆነ። ደስ አለኝ። ትንሽ ፈራሁ።

ሐምሌ 10
አዩት። ፈንታ፦ «አያ ታከለ ሌሊቱን ዲግሪ ጫነ እንዴ? መቼ ነው ምርቃቱ?» ሳቁ። አንዱ ለስንት ነው የገዛው አለ። ሰውየው በስተርጅና መሣቂያ ሆነ፤ በእኔ እጅ።
ከሰዓት ራሱ ደወለ። አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።
«እታለም፣ እኔ ነጥብ ለምኛለሁ? መልሺው። ይልቅ የጻፍኩት ይታይ። ሰው ገደል ከገባ ወዲያ ቢያዩት ምን ይረባል?»
ነገሩ እሱ ነበር ለካ። እኔ ቁጥሩን ሳይ ሰውየው መንገዱን ያያል።

ሐምሌ 11
ነጥቡን እንደነበረ መለስኩት። ለሞላ ደውዬ ያደረግሁትን ሁሉ ነገርኩት። ከዚያ ሌላ ነገር ጠየቅሁት፤ መንገድ ተዘጋ የሚል ጽሑፍ ማጣሪያ አይግባ፣ አውራ ጣትም አይኑርበት። ማንም ይጻፈው። እሱ የሚፈራው ውሸታሙን ነው። አንድ ቀልደኛ ተዘጋ ቢል ስንት መኪና በከንቱ ይቆማል፤ ማን ይሰደባል፣ እትዬ? አለኝ።
«እኛ እንሰደባለን፣ ሞላ። ቆሞ የሚሰድበን ሰው በሕይወት አለ።»
ከአፌ መውጣቱ ገረመኝ። ላስብበት ብሎ ዘጋው።

ሐምሌ 12፣ ጠዋት
ሌሊቱን ሙሉ ዘነበ። ከሞላ መልስ የለም፤ ስልኩም ዝግ ነው። አያ ታከለ ጽፏል፣ አሁንም ማጣሪያ ውስጥ። እሱን ብቻ ማሳለፍ እችል ነበር። ነገ ቅዳሴ ብሄድስ? ብታመምስ?
የማጣሪያውን ደንብ ቀየርኩት። የማንንም ነጥብ አልነካሁም። ጽሑፉ ወጣ። ከሥሩ ምን እንደለወጥኩ በሙሉ ስሜ ጻፍኩ፤ ስድብ ያለው ወደ እኔ እንዲልክ። ለሞላም ላክሁለት።
አንድ የደባርቅ ሾፌር ሞተር አጥፍቻለሁ ብሏል። ሌላው ሰነፎች አለን።
ስልኬ ጠራ። ሞላ ነው። አነሳዋለሁ። ደንቡን አልመልሰውም ነው የምለው፤ ከፈለገ የዳታቤዙን መግቢያ ቁልፍ ይቀማኝ።