አንዴ ብቻ ጠየቁሽ

እማዬ፣

ከተለየሽኝ ሁለት ዓመት ሊሞላ ሦስት ሳምንት ቀረው። ታናሽ ወንድሜ ከብሔራዊ ውትድርና በደኅና ተመልሷል፤ ቀን ስትቆጥሪለት ነበርና መጀመሪያ እሱን ልንገርሽ። እኔ አሁንም እዚያው የማገለግላቸው እመቤት፣ ሲኞራዬ ቤት ነኝ። ሐሙስ ከሰዓት እረፍቴ ነው፤ እግሬ ለምዶበት አንቺ ወደነበርሽበት የአረጋውያን ቤት ይወስደኛል።

ደርግ ቤታቸውን ሲወርስባቸው፣ ሃያ ዓመት ያበሰልሽላቸው ጣሊያኖች ሮማ ይዘውሽ መጡ፤ ጉልበትሽ ሲደክም እዚያ አስገቡሽ። ያን ጥቅምት ነርሷ የጉንፋን ክትባት ይዛ በየአልጋው ስትዞር፣ አንቺ ፈገግ ብለሽ ይቅርብኝ አልሻት። መቼም ሰው ቤት ሄደሽ ውሃ እንኳ በመጀመሪያው ግብዣ ተቀብለሽ አታውቂም። እንደ ደንቡ ሦስቴ እስክትለመኚ ጠበቅሽ። እሷ ግን አልፈለገችም ብላ ጽፋ አለፈች። አጠገብሽ የነበሩት ጣሊያናዊት አሮጊት መርፌውን አይተው ሲጮኹ ግን ሦስት ቀን ተመላልሰው አባበሏቸው፤ ልጃቸው ድረስ ተደወለ። ከዚያ ፎቅ ሳይከተቡ የቀራችሁት አንቺና ሶማሌው አዛውንት፣ ሁለታችሁ ጥቁሮቹ ብቻ ነበራችሁ።

ሐሙስ መጥቼ ለምን እንዳልተከተብሽ ስጠይቅ፣ ነርሷ ትከሻዬን መታ መታ አድርጋ እናንተ አፍሪካውያን ጠንካሮች ናችሁ አለችኝ። እኔም ካንቺው የወጣሁ ነኝና፣ ሰው ላለማስቸገር ቫ ቤኔ፣ እሺ ይሁን ብዬ ወጣሁ። በማግስቱ ሲኞራዬን ወስጄ ያስከተብኩ፣ እጅጌያቸውን የሰበሰብኩላቸው እኔ ነኝ። አልወጋም ሲሉ አንድ ሰዓት ሙሉ ለመንኳቸው። ላንቺ አንድ ቃል አልጨመርኩም። ጥር ላይ ጉንፋኑ ገባና በአምስት ቀን ወሰደሽ። በነሱ እናደዳለሁ፤ በራሴ ግን ይብሳል። ይህን ከንስሐ አባቴ በቀር ማንም አያውቅም።

አልጋሽ ላይ አሁን እማማ ጥሩወርቅ የሚባሉ የጎንደር ሴት አሉ። ዘንድሮ የክትባቱ ቀን ሐሙስ ዋለና አጠገባቸው ነበርኩ። ነርሷ ስትመጣ እሳቸውም እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ይቅርብኝ አሉ። ብዕሯን ስታነሳ ክንዷን ያዝኩና ቆይ አልኳት። ከዚያ ወደ እሳቸው ዞሬ፣ «በሞቴ፣ እማማ» አልኩ። ራሳቸውን በእምቢታ ነቀነቁ። «አፈር ስሆን» አልኩ። ሦስተኛው ላይ እጅጌያቸውን ሰበሰቡ።

እማዬ፣ በሕይወት እስካለሁ እዚያ ቤት አንዴ ብቻ ተጠይቆ የሚታለፍ ጥቁር ሰው አይኖርም። የማስብሽ እንዲህ ነው። ሦስቴ ለመንኳቸው፤ አንዱ የሳቸው ነበር፣ ሁለቱ ያኔ ሳይደርሱሽ የቀሩት ያንቺ።

ልጅሽ አልማዝ