ወይዘሮ ሳይሚ ሂርቮነን እና የወንድማቸው ትከሻ

ወይዘሮ ሳይሚ ሂርቮነን ከአባታቸው ከአቶ ኤይኖ ቫርቶላና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሄልሚ ኮርፔላ እ.ኤ.አ. በኅዳር 1938 በላፔንራንታ ከተማ ተወለዱ። እኔ የታላቅ ወንድማቸው የአቶ ኤንሲዮ ልጅ ነኝ። አክስቴ ማጋነን አይወዱም፤ ባጋንን ከአስከሬን ሣጥኑ ውስጥም ሆነው የሚቆጡኝ ስለሚመስለኝ የሆነውን ብቻ አነባለሁ።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ በዚያው ከተማ ተማሩ። ክረምት ሲገባ ግን ዋናው ትምህርት ቤታቸው የረጋው ሐይቅ ነበር። ከወንድማቸው ጋር እጅ ለእጅ ተያይዘው ሲንሸራተቱ አድገው፣ በኋላም በጥንድ የበረዶ ሸርተቴ መወዳደር ጀመሩ። አባቴ እየተንሸራተቱ እህታቸውን ከራሳቸው በላይ ያነሣሉ። ከማንሣታቸው በፊት ግን ሳይሚ የወንድማቸውን አውራ ጣት ጫን ማድረግ አለባቸው። ጫን ካላደረጉ መነሣት የለም። ሕጉን ያወጡት ራሳቸው ሳይሚ ናቸው፤ ሕግ ማውጣት ይወዱ ነበር።

በየካቲት 1960 የአገሪቱ ሻምፒዮና በሚኬሊ ተካሄደ። አባቴ በዚያ ሰሞን እንጨት ሲጭኑ ቀኝ ትከሻቸው ተጎድቶ ለማንም ትንፍሽ አላሉም። በዋዜማው ልምምድ ላይ ትከሻው ከዳቸውና ሳይሚ ከላይ ወርደው በረዶው ላይ ተፈጠፈጡ። ሲነሡ የተናገሩትን ዘመድ ሁሉ ያውቀዋል፦ «ታምሜያለሁ ብትለኝ ምን ነበረበት? እኔ እላይ የምወጣው አንተን አምኜ አይደል እንዴ!»

የተመዘገቡት ጥንዶች ሦስት ብቻ ነበሩ። ማንሣቱን ትተው ውድድሩን ከጨረሱ ነሐሱ እጃቸው ላይ ነው፤ ወድቀው ካቋረጡ ግን ባዶ እጃቸውን ይመለሳሉ። ክፉኛ ከወደቁም ሜዳሊያው ቀርቶ አንገታቸው ሊሰበር ይችላል። አሠልጣኙ «ተዉት፣ ነሐሱ ይበቃችኋል» ቢሉ ሳይሚ እሺም እምቢም አላሉም። ከወንድማቸው ጋር ቃል ሳይለዋወጡ ወደ ሜዳው ገቡ።

ሙዚቃው ከሚነሡበት ቦታ ደረሰ። አባቴ እጃቸውን ሰጥተው ጠበቁ። አውራ ጣታቸው ላይ ምንም የለም። አያቴ ወይዘሮ ሄልሚ ከዳር ቆመው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ቦታው ሊያልፍ ሲል፣ ሳይሚ ጫን አደረጉ። አባቴ እስከ ዛሬ «የተነሣችው እሷ ናት፤ እኔ አልጣልኳትም እንጂ ሌላ ምን አደረግኩ?» ይላሉ። የብር ሜዳሊያ አገኙ። አክስቴ ግን ብሩን አንገታቸው ላይ አድርገው እስከ ላፔንራንታ ድረስ በባቡሩ እንዳኮረፉ ነው የተመለሱት።

በ1963 ከመምህር ካሌርቮ ሂርቮነን ጋር ተጋብተው ማርያታንና ኦላቪን አፍርተዋል። ጡረታ እስኪወጡ በፖስታ ቤት አገለገሉ። ከሥራ በኋላ የሰፈሩን ልጆች ሸርተቴ ያስተምሩ ነበር። «ቀና በይ! ምን ጠፍቶብሽ ነው መሬት መሬት የምታዪው?» የሚለው ቁጣቸው ዛሬ እዚህ ከተቀመጡት ብዙዎች ጆሮ ውስጥ አለ።

ባለፈው በጋ ልባቸውን ታመው ሆስፒታል ከገቡበት ቀን ጀምሮ አባቴ ከአልጋቸው አጠገብ አልጠፉም። በመጨረሻው ቀን አክስቴ መናገር አቅቷቸው ነበር። አባቴ እጃቸውን እንደያዙ ቆይተው ወደ ኮሪደሩ ወጡና «አውራ ጣቴን ጫን አደረገችው» ብለው አለቀሱ። ወይዘሮ ሳይሚ ጥር 19 ቀን 2024 በተወለዱ በሰማንያ አምስት ዓመታቸው ዐረፉ። ባለቤታቸው ቀድመዋቸዋል፤ ልጆቻቸው፣ አራት የልጅ ልጆቻቸውና ወንድማቸው በሐዘን ቆመዋል።

እንደ ልማዳችን ሣጥኑን የምንሸከመው ቤተሰቡ ነን። አባቴ ሰማንያ ሰባት ዓመታቸው ነው፤ ያ ትከሻም ከዚያ ወዲህ ደህና ሆኖ አያውቅም። ሐኪማቸው ከልክሏቸዋል፤ እኛም ለምነን ተቆጥተን አቃተን። የፊተኛው የቀኝ እጀታ የእርሳቸው ነው።

አክስቴ፣ እግዚአብሔር ነፍስዎን በደጋጎቹ መካከል ያሳርፍልን። ምልክቱን ሰጥተዋል። አሁን እንነሣ። አባዬ፣ እህትዎን ይያዙ።