አምስተኛው ናሙና እኔ ዘንድ ነው

ለተከበሩ የመንገድ ሥራዎች ጽሕፈት ቤት ኃላፊ

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንደ ወንበርዎ የጸና፣ ሳንባዎም ከእኛ ሰፈር አቧራ የራቀ ይሁንልኝ እያልኩ፣ ከጤና ጣቢያው ቁልቁለት አናት ላይ ልብስ የምሰፋው ሴት በታላቅ ደስታ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ደስታዬ የምር ነው፤ ሰሞኑን ብቻዬን ስስቅ ያየኝ ባለቤቴ ሊያስመረምረኝ አስቧል።

1. በቅድሚያ፣ ከእንግዲህ ሥራ ተቋራጭ የሚከፈለው እንደ ሥራው ጥራት ነው ብለው በስብሰባ ስላበሰሩን አመሰግናለሁ። አምስት ቦታ ተሰርስሮ የአስፋልቱ ውፍረት ይለካል፣ ከአምስት ሳንቲሜትር ከሳሳ ክፍያው ተይዞ መንገዱ እንደገና ይነጠፋል አሉን። እኔማ መዳፌ እስኪቀላ አጨበጨብኩ፤ ምክንያቱም ቁልቁለቱን ታክሲ እምቢ ስለሚል፣ እግሯ የማይታዘዝላትን እናቴን በሳምንት ሁለቴ ወደ ጤና ጣቢያ የሚያወርዳት የባለቤቴ ጀርባ ነው። የባለቤቴ ጀርባ ደግሞ መለዋወጫ የለውም።

2. ቀጥሎ የተቋራጩን ፎርማን አመሰግናለሁ። ገና አስፋልቱ ሳይፈስ የጠርዙ ድንጋይ ላይ አምስት ቦታ ነጭ ቀለም ቀባ። ሠራተኞቹ ነጩ ጋ ሲደርሱ መሬቱን ጎድጎድ አድርገው አስፋልቱን እንደ ድግስ ቤት ወጥ በጭልፋ ይዝቁለታል፤ ነጩን ሲያልፉ ይሰስታሉ። አንዱ ምልክት ደጃፌ ላይ ነበርና፣ እኔ ቆሻሻ የማልወድ ሰው፣ አስፋልቱ በተነጠፈ ማግስት በብሩሽ ፈግፍጌ አጠብኩት። ፎርማኑ «እትዬ፣ ምነው ጉድ ሠሩኝ!» ብሎ ራሱን ያዘና በግምት ሦስት እርምጃ ዝቅ ብሎ ቀባው። እኔ ምን አውቄ!

3. ሰርሳሪዎቹ መጥተው ነጭ ነጩ ጋ ሰረሰሩ። አራቱ ናሙና ሰባት ሰባት ሳንቲሜትር ወጣ። የእኔ ደጃፍ ግን እንደ ብስኩት ሳስቶ ብቅ አለ። ሊለካ የመጣው የጽሕፈት ቤትዎ መሐንዲስ ፎርማኑን አየ፣ ፎርማኑ ሰማይ አየ፣ ብስኩቱም ቦይ ውስጥ ተወረወረ። ሰሌዳዎ ላይ የተለጠፈው ሪፖርት «አራት ናሙና ተወስዶ ሁሉም አልፏል፤ ሙሉ ክፍያ ይገባዋል» ይላል። እስከ አምስት መቁጠር የሚያቅተው መሐንዲስ ማግኘት ቀላል እንዳልሆነ ስለምረዳ፣ ፈልገው ስላገኙልን ምስጋናዬ ይድረስዎ።

ናሙናውን ከቦዩ አውጥቼ፣ አጥቤ፣ ስፌት መኪናዬ ላይ አስቀምጬዋለሁ። በሜትሬ ስለካው ሁለት ሳንቲሜትር ነው። ጎረቤቴ ባለወፍጮዋም ደግማ ለክታ፣ «ይኼ እንኳን መኪና፣ ያንቺን ወሬም አይሸከም» ብላኛለች።

ዓርብ የመጨረሻውን ክፍያ ይፈርማሉ አሉ። ከፈረሙ በኋላ ተቋራጩን በባትሪ ብንፈልገው አናገኘውም፤ ዝናቡ ሲመጣ አስፋልቱ ይሄዳል፣ እናቴም ወደ ባለቤቴ ጀርባ ትመለሳለች። ስለዚህ ዓርብ ጠዋት ናሙናዬን ታቅፌ፣ የቁልቁለቱን ሰው አስከትዬ፣ በርዎ ላይ እገኛለሁ። እርስዎ ሰርሳሪውን ያዘጋጁልን፤ የሚሰረሰረውን ቦታ እኛ በጣታችን እናሳያለን።

ለተቋራጩ ድፍረት፣ ለመሐንዲሱ ዓይን፣ ለእርስዎም ብዕር ካለኝ ወሰን የለሽ አድናቆት ጋር፣ እጅ ነስቼ እሰናበታለሁ።

ልብስ ሰፊዋ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ለመንገዱ ምረቃ ያዘዙኝ ሱሪ ደርሷል። በእርስዎው አሠራር ነው የሰፋሁት፤ አራቱ ስፌት ጥብቅ ነው፣ ተፈትኖ አልፏል። አምስተኛው የመቀመጫው ነው፤ ስለ እሱ ሪፖርት አልጻፍኩም። ሪባን ሲቆርጡ ብቻ አደራ እንዳያጎነብሱ።