እስክትራመድ ድረስ

ለቡ፣ ጥቅምት 14 ቀን 2018 ዓ.ም.

ቦጋለ፣

እንደምን ከረምክ ብዬ አልጀምርም። ደህና መሆንህን አውቃለሁ። ሙሴ ከያቤሎው የመንገድ ሥራ ሳይታችሁ መጥቶ "ቦጋለ እኮ ወፍሯል፣ የቦረና ወተት ተስማምቶታል" ብሎኛል። ደስ አላለኝም። ባልሽ ወፈረ ሲሏት የምትናደድ ሚስት አይተህ ታውቃለህ? እነሆ አለችህ።

ደብዳቤ የጻፍኩት በስልክ ስላልቻልኩህ ነው። ነገሩ ጠንከር ሲል "ትሩፋት፣ ኔትወርኩ እየተቆራረጠ ነው" ትላለህ። እኔ ስቆጣ ብቻ የሚቆራረጥ ኔትወርክ! ይህንን ግን ሙሴ በእጅህ ይሰጥሃል። አንብበህ እስክትጨርስ ከፊትህ ንቅንቅ እንዳይል አደራ ብዬዋለሁ፤ ግሬደርህ ላይ ወጥተህ እንዳታመልጥ።

እግሬ አልዳነም። ከጉልበቴ በታች ያስገቡት ብረት ጎብጧል፣ አጥንቱም አልተያያዘም። እንደገና ካልተሠራ ዕድሜዬን ሙሉ በክራንች እንደምቀር፣ ቁስሉ አጥንት ውስጥ ከገባ ደግሞ እግሩ ራሱ እንደማይተርፍ ነግረውኛል። አንተ በዚህ ሁሉ ጊዜ መንገድ ትሠራለህ። ሌላው ሰው እንዲሄድበት።

የምታውቀውን ለምን ትደግሚልኛለሽ እንዳትለኝ። አንተ የምታውቀው በአንተ በኩል ያለውን ብቻ ነው፤ እኔ ደግሞ ከእግሩ በኩል ልንገርህ።

ለፋሲካ ጥቂት ሲቀረው የዩኒፎርም ጨርቅ ተሸክሜ ለቡ ላይ ከታክሲ ወረድኩ። ቶሌራ የአሸዋ ገልባጭ መኪናውን ወደ ኋላ ሲነዳ ከግንቡ ጋር አጣበቀኝ። ልጁ ክፉ አይደለም፤ አቅፎ ሐኪም ቤት ያደረሰኝ እሱ ነው፣ እያለቀሰ። ይህን አልክድም። እኔን ገና ማደንዘዣው ሳይለቀኝ ግን ሽማግሌ ላከብህ። ጋሽ ነገሪ መጡ፤ መንደራችን ሳይሠራ ጤፍ ያርሱበት የነበሩት፣ ዛሬም ሰፈሩ ሲጣላ የሚጠሩት። ቶሌራ "እስክትራመድ ድረስ" አሳክማለሁ፣ በመኪና አመላልሳለሁ አለ። አንተም እሺ አልክ፤ ትራፊክ ፖሊስ ጋ ሄደህም ይቅር ብለነዋል ብለህ መዝገቡን አዘጋህ። ከዚያ ማንጎ ይዘህ አልጋዬ አጠገብ መጣህና "ታረቅን" አልከኝ።

"ማን ከማን?" አልኩህ።

"ከቶሌራ ጋር።"

"የተሰበረው የማን እግር ነው?"

"ትሩፋት ሙች፣ ሽማግሌ እምቢ አይባልም።"

እኔ የማልገባበት እርቅ! ማንጎውን አጠገቤ ለተኛችው ሴትዮ ሰጠኋት፤ ታስታውስ እንደሆነ።

ቶሌራ ግን ቃሉን ጠበቀ። በመጀመሪያው ቀጠሮ ወሰደኝ፤ የራጅ ማሽኑ ተበላሽቷል ተባልን። በሚቀጥለው ወሰደኝ፤ የቀደደኝ ሐኪም ሥልጠና ሄዷል ተባልን። ነርሷ "ራጅ ተነስተሽ ሐኪም እስኪያየው ድረስ አንዲት እርምጃ እንዳትረግጪበት" አለችኝ። ያንን ቃል በስልክ ነግሬሃለሁ። ሰምተሃል። "እሺ፣ ጠንቀቅ በይ" ብለሃል።

ሐምሌ ላይ ፈቃድ ወጥተህ መጣህ። ሽማግሌዎቹም "እንዴት ሆነች" ሊሉ መጡ። አንተ ብድግ ብለህ "ኖር! ኖር!" ስትል እኔ ወንበሬ ላይ ነበርኩ፣ ክራንቹ አልጋው ሥር። ጎንበስ ብለህ በጆሮዬ "ተነሺ እንጂ፣ ነውር ነው" አልከኝ። ያቺን ሹክሹክታ እስከ መቃብር አልረሳትም። ተነሳሁ። ስነሳ ሚዛኔን ሳትኩና እንዳልወድቅ ረገጥኩት። ቅልጥሜ ውስጥ አንድ ነገር ቀጭ ሲል ተሰማኝ፤ ከንፈሬን ነከስኩ። ፈገግ ያልኩ መሰላቸው። "ተመስገን! ተራመደች!" አሉ። ጋሽ ነገሪ እጃቸውን ዘርግተው መረቁ፤ ቶሌራ ቃሉን ፈጸመ፣ ነገሩ እዚህ ላይ አለቀ ብለው። ከሁሉ አስበልጠህ አሜን ያልከው አንተ ነህ። በማግስቱ ሄድክ።

እኔ ያን ዕለት ማታ እግሬ እንደ ሊጥ አብጦ ነበር። ነገርኩህ። "ስላልለመደ ነው" አልክ።

ከዚያ ወዲያ ለቶሌራ ብደውል "እትዬ ትሩፋት፣ ሽማግሌዎቹ አልቋል አሉኝ እኮ፤ እኔ ምን ቀረብኝ?" አለኝ። ምን ልበለው? እውነቱን ነው። አልቋል ሲባል አሜን ያለው የእኔ ባል ነው።

እንግዲህ በታክሲ መመላለስ ጀመርኩ። ረዳቱ "ክራንችሽ የሁለት ሰው ቦታ ይይዛል፣ ቀጣዩን ጠብቂ" ይለኛል። ገዲሴ ባትኖር ኖሮ እስካሁን ለቡ ፌርማታ ላይ ነበርኩ። ጎረቤታችን ገዲሴ፣ አንተ "አፏ አያርፍም" የምትላት፣ ሱቋን ዘግታ አብራኝ ትሄዳለች። "የአንተ አፍ የሦስት ሰው ቦታ ይዞ የለም እንዴ? ዞር በል!" ብላው አስገባችኝ። ሐኪም ቤት ስንደርስ ካርድ ክፍሉ "የመኪና አደጋ ነው፤ ኢንሹራንሱ እንዲሸፍንልሽ ከትራፊክ ፖሊስ ደብዳቤ አምጪ" ይላል። ትራፊክ ፖሊሱ "መዝገቡ በእርቅ ተዘግቷል። ታርቄያለሁ ያለው ባልሽ ነው፤ እሱ መጥቶ ያስከፍተው" ይላል። ለአንተ ስደውል "ሰዎቹን ማስቀየም ይሆናል፣ ትንሽ እንታገስ" አልክ። ስጮህ ኔትወርኩ ሄደ።

አንተ ሰው አታስቀይምም። ሰፈሩ ሁሉ ያመሰግንሃል፤ ቦጋለ ጨዋ ነው፣ ቦጋለ ክፉ አይወጣውም። እኔ ሰው አይደለሁም እንዴ? ከዚህ ሁሉ ሰው መሃል ብትቀየም ግድ የማይሰጥህ አንዲት ሰው አግኝተህ እሷን ነው ያገባኸው።

የዩኒፎርሙ ወቅት አመለጠኝ። መካኒሳ አቦ ያሉት ደንበኞቼ ጨርቃቸውን እየመጡ ወሰዱ፤ አልፈርድባቸውም፣ ትምህርት ቤት እግሬን አይጠብቅም። አሁን የስፌት መኪናዋን በግራ እግሬ ለመርገጥ እሞክራለሁ። ወንበሩን አጣምሜ እቀመጣለሁ፣ ወገቤን ያመኛል፣ ስፌቱም ይወላገዳል። ባለፈው አንዲት እናት የሠራሁላትን ጉርድ ቀሚስ ገልብጣ አይታ ዝም ብላ ይዛው ሄደች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ሐኪሙን ያገኘሁት ገዲሴ ተመላላሽ ክፍሉ በር ላይ ቁጭ ብላ "ሳያያት ማንም አይወጣም፣ ማንም አይገባም" ስላለች ነው። ሰውየው ሳቀና አስገባን። ራጁን በመስኮቱ ብርሃን ሲያይ ግን ሳቁ ጠፋ።

"ማን እርገጪ አለሽ?"

"ሽማግሌ ገብቶ ነው።"

"ምን?"

"ሽማግሌ ሲገባ ተነስቼ ነው።"

"እኔም እናቴ ቤት ብሆን እነሳ ነበር" አለ፣ ራጁን መልሶ እየከተተ። "አሁን ግን ብረቱ ይወጣል፣ ከዳሌሽ አጥንት ተወስዶ ይሞላል፣ ሌላ ብረት ይገባል። ብዙ አንቆይ። ደብዳቤውን አምጪልኝ።" ደብዳቤው ያለው በአንተ እጅ ነው። አንተ ታጋሽ ነህ።

ስለዚህ አንተን መጠበቅ ተውኩ። ገዲሴን ላክሁና ሽማግሌዎቹን ራሴ አስጠራሁ። ሴት ሽማግሌ አስጠራች ተብሎ ሰፈሩ እንደሚያወራ አውቃለሁ፤ ያውራ። ባለፈው እሁድ ከቤተክርስቲያን መልስ መጡ፣ ጋሽ ነገሪና ሁለቱ ሽማግሌዎች፤ ቶሌራም ከኋላቸው። ገዲሴ "ኖር" ብላ ተነሳች። እኔ ያችው ወንበሬ ላይ ነበርኩ። ክራንቹ በዚህ ጊዜ እጄ ላይ ነበር፤ መነሳት እችል ነበር።

አልተነሳሁም።

ጋሽ ነገሪ ከዘራቸውን ይዘው ደጃፉ ላይ ቆሙ፤ ጠበቁኝ። እናቴ በዚያች ሰዓት ብታየኝ በጥፊ ትለኝ ነበር። "ይግቡ ጋሽ ነገሪ" አልኳቸው፤ "አልነሳልዎትም። ባለፈው ተነስቼ ያገኘሁት ይበቃኛል።"

ከኋላ ካሉት አንዱ ሽማግሌ "ባሏ ስለሌለ ነው እንዲህ የሆነችው" አሉ።

"ባሌ ስለነበረ ነው እንዲህ የሆንኩት" አልኳቸው።

ከዚያ ቀሚሴን እስከ ጉልበቴ ሰብስቤ እግሬን በሁለት እጄ አነሳሁላቸው። መታጠፊያ በሌለበት ቦታ ሲታጠፍ አዩት። ቶሌራ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ጋሽ ነገሪ ባርኔጣቸውን አወለቁና ማንም ተቀመጡ ሳይላቸው ከፊቴ በርጩማ ላይ ዝቅ አሉ። "ያን ቀን አሞሽ ነበር?" አሉኝ።

"አዎ።"

"ለምን አልተናገርሽም?"

"እየመረቁ ነበር።"

ጎንበስ ብለው እግሬን አዩት። ቀጥለው "ተራምዳለች ያልኩት እኔ ነኝ። አልተራመደችም የምለውም እኔ ነኝ። እስክትራመድ ድረስ ብለናል፤ ቃሉ እንደቆመ ነው" አሉ። ቶሌራን ጠርተው "መኪናህን አምጣ" አሉት። ሰኞ ጠዋት ፖሊሱ ዘንድ ራሳቸው ሄዱ። "ባልየው ይምጣ" ሲላቸው "ባልየው እሺ ያለው እኔን አፍሮ ነው፤ ያስታረቅኩት እኔ ነኝ፣ እርቁን ያፈረስኩትም እኔው ነኝ፤ ጻፍ" ብለውት መዝገቡ እስኪከፈት ድረስ ከወንበሩ ላለመነሳት ከዘራቸውን ጭናቸው ላይ አጋድመው ተቀመጡ አሉ። አንተ ያስፈረድክብኝ ሰውዬ ራሳቸው ፍርዱን መለሱልኝ። አንተ ያላስቀየምካቸው ሰውዬ ሳይቀየሙ ሰሙኝ። ይኸው ነበር የፈራኸው።

የፊታችን ማክሰኞ ጠዋት ኦፕራሲዮን እገባለሁ። ሐኪሙ ሊድንም፣ ላይድንም ይችላል፤ ቢድንም ትንሽ ሊያጥር ይችላል ብሎኛል። ለሌላ ሰው አልፈራሁም ብያለሁ። ያ ውሸት ነው።

የፖሊሱን ደብዳቤ ሰጥተነው ስንወጣ "ኦፕራሲዮኑ ላይ ከቤተሰብ ማን ይፈርምልሻል? ባለቤት የለሽም?" አለኝ። ገዲሴ አፏን ስትከፍት ቀደምኳት። "አለኝ። መንገድ ይሠራል። ከያቤሎ ወዲያ ያለውን አቧራ ሁሉ የሚደለድለው እሱ ነው" አልኩት። ለምን እንደዚያ እንዳልኩ አላውቅም። ገዲሴ ተናዳ እስከ ቤት ድረስ አላናገረችኝም። የሚፈርም ካልመጣ እሷ ትፈርማለች።

ና አላልኩህም። ሙሴ ግን ሰኞ ወደ አዲስ አበባ የሚመጣ የፕሮጀክቱ ፒክአፕ አለ ሲል ሰምቻለሁ፤ ሳልጠይቀው ነው የነገረኝ።

ሙሴ የያዘው ፌስታል ውስጥ ሹራብህ አለ፤ ክርኑ የተቀደደው። በግራ እግሬ ነው የሰፋሁት፣ ከተወላገደ ዝም ብለህ ልበሰው። ከማሽኑ ስትወርድ ተጠንቀቅ። ለዚህ ቤት አንድ ስብራት ይበቃል። አቦ ይጠብቁህ፣ ከክፉ ይሰውሩህ፤ ተናድጄ ስለጻፍኩት ምርቃቱ አይደርስም እንዳትል፣ ይደርሳል።

ከመጣህ ደግሞ ከአሁኑ ዕወቀው፤ አልነሳልህም። በሩ ላይ ቆመህ ኖር እስክልህ አትጠብቅ። ግባ።

ሚስትህ
ትሩፋት