በአራት ደቂቃ መውረድ ስላቃታቸው ነዋሪዎች

ለክቡር የኑክሌር ጉዳዮች መሥሪያ ቤት የበላይ ኃላፊ፣

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ እያልኩ፣ ጉልበትዎ እንዳይከዳዎት ከልብ እመኛለሁ፤ በዚህ ዘመን ከጉልበት የሚበልጥ ሀብት እንደሌለ ያስተማሩን እርስዎ ነዎትና። እኔ በአንድ ባለ አምስት ፎቅ ሕንፃ ምድር ቤት ሠላሳ ዓመት ልብስ የሰፋሁ፣ የስፌት ቤቴ ባለፈው ወር በመመሪያዎ መሠረት የቦምብ መጠለያ የሆነብኝ፣ የነዋሪዎች ኮሚቴም ጸሐፊ የሆንኩ ሰው ነኝ። ምስጋናዬን በቁጥር አቀርባለሁ።

፩ኛ፦ ጎረቤት አገር ቦምብ ስለሠራ እኛም ልንሠራ መሆኑን በሬዲዮ ሲያበሥሩን፣ ከእንግዲህ ተኝታችሁ እደሩ ስላሉን እናመሰግናለን። በማግስቱ የመጠለያ መመሪያ ደረሰን። ተኝቶ ለሚያድር ሰው መጠለያ ምን ያደርግለታል ብሎ የጠየቀ አንድ የቧንቧ ሠራተኛ ነበር፤ ዝም አሰኝተነዋል።

፪ኛ፦ መመሪያው መጠለያው ስልሳ ሰው ብቻ እንደሚይዝ፣ የሚገባውም በራሱ እግር በአራት ደቂቃ የወረደ ብቻ እንደሆነ ይደነግጋል። እኛ መቶ ዘጠና ነን። ልምምዱን ያደረግነው እሑድ ጠዋት ሲሆን ሰዓት ያዡ እኔ ነበርኩ። ዳሌዋ ከተሰበረ ወዲህ በምርኩዝ የምትሄደው ባለቤቴ ከሦስተኛ ፎቅ ተነሥታ፣ የደረጃውን ብረት በአንድ እጇ ይዛ፣ በአሥራ አንድ ደቂቃ ደረሰች። ላብ አጥምቋት "ፈጠንኩ አይደል?" አለችኝ። ፈጥነሻል አልኳትና በገዛ እጄ ስሟን ከመጠለያው ዝርዝር ሰረዝኩ። አርባ ዓመት አብራኝ የኖረችን ሴት በአንድ መስመር እንድለያት ስላበቁኝ ምስጋናዬ ወሰን የለውም፤ ፍርድ ቤት እንኳ እንዲህ አያቀላጥፈውም።

፫ኛ፦ በእኛ ሕንፃ የራሱን የጋዝ ሲሊንደር ራሱ የሚፈትሽ የለም፤ በየወሩ ጎረቤት የጎረቤቱን ይፈትሻል። ይህ ደንብ የወጣው ሁለት የተጣሉ ወንድማማቾች፣ አንዱ ቤት ውስጥ አንድ ጀሪካን ቤንዚን ቢያስቀምጥ ሌላው እልህ ይዞት ሁለት ያስገባ ጊዜ ነው። ወንድማማቾቹን አላስታረቅናቸውም፤ እስከ ዛሬ ሰላም አይባባሉም። ጀሪካኖቹን ግን በሁለቱም ፊት ቆጥረን አስወጣን፣ በራቸውንም ለፍተሻ አስከፈትን። ይህን ያደረግነው ልብስ ሰፊና ቧንቧ ሠራተኛ ሆነን ነው። የተማሩት እርስዎ ግን ጎረቤት አገር እርስ በርስ እንፈታተሽ፣ እኩል እየቀነስን እንሂድ ሲል "ክብራችን አይፈተሽም" ብለው መለሱ። እኛን ያየ ሦስተኛ አገርም የራሱን ቦምብ መሥራት መጀመሩን በዚያው ሬዲዮ ሰማን። በሬ ሆይ በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ ይባል የነበረው ለከብት ነበር፤ ማዕረጉን ከፍ ስላደረጉለት እናመሰግናለን።

፬ኛ፦ ባለቤቴ ስሟ መሰረዙን አታውቅም ብለው እንዳያዝኑልኝ። ዝርዝሩን በሩ ላይ የለጠፍኩት እኔ፣ መነጽሯን አድርጋ ያነበበችው እሷ ናት። "አንተ ግባ" አለችኝ። እኔ አልገባም። ቦታዬን ለወደዱት ይስጡልኝ።

ልመናዬ አጭር ነው፦ በርዎን ይክፈቱ፣ የጎረቤትንም ያስከፍቱ፣ ቆጥራችሁ አውጡ። ካልሆነ ግን የአራት ደቂቃዋን ነገር ቢያንስ ለአሮጊቶች ያርዝሙልን።

ለክብርዎ ዝቅ ብዬ እጅ የምነሣ፣ ጎንበስ ማለት እስካሁን ያልተሳነኝ፣

የምድር ቤቱ ልብስ ሰፊ

ድኅረ ጽሑፍ፦ አምስተኛ ፎቅ የሚኖሩት እናትዎ ከአልጋቸው ተነሥተው ደረጃው አፍ ለመድረስ ብቻ ስምንት ደቂቃ ፈጀባቸው። ኮሚቴው ለእርስዎ ሲል ሊያሳልፋቸው ፈልጎ ነበር፤ እኔ መመሪያ መመሪያ ነው ብዬ እምቢ አልኩ። ሲያዝኑ ባይ ከመመሪያው ወረቀት ግርጌ ያለውን ፊርማዎን አሳየኋቸው። ወዲያው አወቁት፤ "የልጄ እጅ ነው" ብለው ሳሙት። ማንበብ ስለማይችሉ ከላዩ የተጻፈውን አልነገርኳቸውም፤ ያንን እርስዎ መጥተው ያንብቡላቸው።