ሞጣ መንገድ ላይ የተጫወትሁት ዳማ

ጌታነህ፣ የቤቴ ሰው፣

ከተለየኸን ዓመት ሊሞላ ነው። ደህና ነህ ወይ ብዬ ብጠይቅህ መልስ እንደማይመጣ አውቃለሁ፤ ቢሆንም ያየሁትን ሳልነግርህ መቆየት ከበደኝ። ፍርሃቴን ካንተ በቀር ለማንም አውርቼ አላውቅም። ጎረቤቱ ሁሉ የሺ ደፋር ናት ይላል። በር ሲንኳኳ ልቤ እንዴት እንደሚሆን የምታውቀው አንተ ብቻ ነበርህ።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርህ። ቢቸና ያለውን ሱቅህን ለአክስትህ ልጅ ሰጥቼዋለሁ፤ አሁን የስልክ ሽፋንና ቻርጀር ይሸጥበታል። ፊልም የምትጭንበትን ኮምፒውተር ግን ቤት አምጥቼ በአሮጌ ነጠላ ሸፍኜዋለሁ። ባለፈው ከገጠር የመጣ አንድ ሰውዬ ቀጣዩን ክፍል እንድትጭንለት ፍላሹን ይዞ ቤት ድረስ መጣ። ማረፍህን አልሰማም ነበር። ስነግረው ፍላሹን እጁ ላይ እያገላበጠ «ታዲያ የቱ እንደሚታይ ማን ሊነግረን ነው?» አለኝ። እውነቱን ነው። አንተ ፊልም ብቻ ጭነህ ሰው ሸኝተህ አታውቅም፤ ማንም ሳይጠይቅህ አስተያየትህንም ትጭንበት ነበር።

ኢንተርኔት በሚሠራበት ሰሞን ስልኩን ከስኳር ጣሳው ጋር አስደግፈን የምናየው ድራማ ነበር፤ ባሏ ሞቶባት ባሕር ዳርቻ ላይ ሆቴል የምታስተዳድረው ሴትዮ ያለችበት። እኔ ለእሷ ሳለቅስ አንተ ሆቴሉን ሊነጥቃት ለሚያሴረው ለባሏ ወንድም ትከራከርለታለህ። «ክፉ ሰው አይደለም፣ ቁርስ የሚያቀርብለት አጥቶ ነው» ትላለህ። የውጭ ድራማ ሰዎች ችግራቸው ሁሉ ተረጋግተው አለመብላታቸው ነው ብለህ አምነህ ነበር። ምግቡ ይቀርባል፣ አንዱ ተቆጥቶ ይነሳል፣ ሳህኑ እንደሞላ ይቀራል። አንተ ከተጣሉት ሰዎች ይልቅ ለሳህኑ ታዝናለህ። የእኔ አስተያየት ደግሞ ድራማ ሦስተኛውን ምዕራፍ ካለፈ ደራሲውም መጨረሻውን አያውቀውም የሚል ነበር። ዛሬም አልቀየርሁም።

ከድራማው በኋላ ዳማ ነው። ቆርኪዎቹን ደርድረህ «ነይ፣ ዛሬ እንኳ አሸንፊኝ» ትለኛለህ። ልበልጥህ ስል መንገድ ትዘጋብኛለህ፤ ተስፋ ቆርጬ ልነሳ ስል ደግሞ ሁለት ቆርኪ አስበልተህ መልሰህ ታስቀምጠኛለህ። ያ ነገርህ ያናድደኝ ነበር። ወደ ሞጣ በሄድሁ ቀን ግን ሕይወት አተረፈ፤ የምጽፍልህም ስለ እሱ ነው።

ልጃችን ትዕግሥት ሞጣ ባሏ ቤት ሆና አንተ ከሄድህ በኋላ አረገዘች። ወሯ ሲገባ ደወለችልኝና «እማ፣ ደም ግፊትሽ ከፍ ብሏል አሉኝ፤ እግሬም አብጧል። አትፍሪ ግን» አለችኝ። በማግስቱ ስደውል ስልኩ አይሠራም። የባሏም አይሠራም። ኔትወርኩ እንደጠፋ ሰማሁ፤ መቼ እንደሚመለስ የሚያውቅ አልነበረም።

ስለ መንገድ ያለኝን ፍርሃት ታውቃለህ። ልብህ የደከመው መንገድ በተዘጋበት ሰሞን ነው። ትራስህን ከፍ አድርጌ የመኪና ድምፅ ስጠብቅ የነበርሁበት ጊዜ እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም። አንዱን በመጠበቅ አጣሁት፣ ሁለተኛዋን ቁጭ ብዬ አልጠብቅም አልሁና ጠዋት ሚኒባስ ተሳፈርሁ። ከጎኔ ወደ መርጡለ ማርያም የሚሄዱ አንድ ሽማግሌ የቅኔ መምህር ተቀመጡ፤ መሪጌታ ይሏቸዋል። ሹፌሩ አዝመራው የሚባል ወጣት ነው፤ ገና የትዕግሥት እኩያ።

ደብረ ወርቅን አልፈን ጥቂት እንደሄድን ከፊታችን ተኩስ ተሰማ። መጀመሪያ ራቅ ያለ መሰለን፣ ቀጥሎ ቀረበ። አዝመራው መኪናውን ዳር አስይዞ «ውረዱ፣ ወደዚያ ቤት» አለ። ጎንበስ ብለን ሮጥን። መሪጌታን በክንዳቸው ይዤ ነበር፤ ማን ማንን እንደደገፈ ግን አላውቅም። የቤቱ ባለቤት፣ እማማ ጥሩ የሚባሉ ሴት፣ ማን ናችሁ ሳይሉ አስገቡንና በሩን በግንድ ደገፉት። ሁላችንም ጀርባችንን ለግድግዳው ሰጥተን መሬት ላይ ተቀመጥን። እዚሁ ብቀር ትዕግሥት እናቷ ልትመጣላት እንደተነሳች እንኳ አታውቅም እያልሁ አስብ ነበር።

ትንሽ ጋብ ሲል አዝመራው ተነሳ። «መኪናውን ከመንገዱ ላንሳው።»

«ተቀመጥ ልጄ» አሉት እማማ ጥሩ።

«መኪናው የሰው ነው እማማ። አንድ ነገር ቢሆን ምን ብዬ አያቸዋለሁ?» እጁን ግንዱ ላይ አደረገ።

ሌሎቹም ለመኑት፤ አልሰማም። ፊቱን ሳየው ልመና እንደማያስቀምጠው ገባኝ። ያኔ ነው አንተ ትዝ ያልኸኝ። «ዳማ ትችላለህ?» አልሁት።

ያበድሁ መስሎት አየኝ። «አሁን?»

«አሁን። ወይስ በሴት መሸነፍ ፈራህ?»

መሪጌታም ነገሩ ገባቸው መሰለኝ፣ «አንዴ አሸንፋትና ትሄዳለህ» አሉት። እማማ ጥሩ ከምድጃው ከሰል አመጡልኝ፤ ወለሉ ላይ ገበታውን ሠራሁ። ለእሱ ባቄላ፣ ለእኔ ሽንብራ ደረደርን። መስመሩ ሁሉ ተጣመመ።

መጀመሪያ ላይ ጆሮው ውጭ ነበር፣ ቶሎ አሸነፍሁት። «ድገም» አለ። ጌታነህ፣ ያንተን ጨዋታ ተጫወትሁበት። ሊያሸንፍ ሲል መንገድ ዘጋሁበት፤ ሊነሳ ሲል ሁለት ሽንብራ እንዲበላ መንገድ ከፈትሁለት። ተኩሱ እንደገና ሲጀምር ዓይኑ ወደ በሩ ሄደ። «ተራህ ነው» አልሁት። ድምፄ የእኔ አይመስልም ነበር።

እሱ በሚያስብበት ጊዜ ዝምታው ሊገድለኝ ሆነ። የማወራው ሳጣ የሆቴሏን ሴትዮ ድራማ መንገር ጀመርሁ፤ ከመጀመሪያው ክፍል አንስቼ። ሰው ሁሉ ወደ እኔ ተጠጋ። መሪጌታ አቋረጡኝ።

«ባሏ የሞተው መቼ ነው? ተዝካሩ ወጥቷል?»

«እዚያ አገር ተዝካር ያለ አይመስለኝም፣ መሪጌታ።»

«ለዚህ ነዋ ቤቱ ያልረጋው» አሉ።

የባሏ ወንድም ቁርስ ስላጣ ነው የከፋው የሚለውን ያንተን ሐሳብም ነገርኋቸው። እማማ ጥሩ አፋቸውን በነጠላቸው ይዘው ሳቁ። «ይህን ያለው ማን ነው?» አሉኝ። ባሌ ነው አልኋቸው። ሞቷል ማለት አልቻልሁም። በዚያች ሰዓት የሞተ ሰው ስም መጥራት ራሱ አስፈራኝ።

ከዚያ የተኩሱ ድምፅ በጣም ቀረበ። አቧራ ከጣራው ወረደብን፣ ባቄላውና ሽንብራው ተቀላቀለ። አዝመራው ቀና ሳይል መልሶ ይደረድር ጀመር። እኔም አብሬው ደረደርሁ። መሪጌታ ጸሎታቸውን ዝቅ ባለ ድምፅ ያሰማሉ።

ጸጥ ካለም በኋላ ብዙ ቆየን። ስንወጣ መኪናው እንደቆመ አገኘነው። የፊት መስታወቱ ግን በሹፌሩ በኩል በጥይት ተበስቷል፤ ከኋላው ያለው የወንበሩ መደገፊያም እንደዚያው። አዝመራው ጣቱን ቀዳዳው ውስጥ አስገብቶ አወጣ። ከዚያ መሬት ላይ ቁጭ አለ።

«እናቴ» አለኝ፣ «ስንተኛው ጨዋታ ላይ ሆነን ይሆን?»

ማናችንም አላወቅንም። አጠገቡ ተቀመጥሁና ጭንቅላቱን ደረቴ ላይ አስደገፍሁት። እስከዚያች ሰዓት ያላለቀስሁትን ያን ጊዜ አለቀስሁ። ለአዝመራው ይሁን ላንተ ለይቼ አልነግርህም።

ሞጣ ስደርስ ትዕግሥት ሆስፒታል ተኝታ አገኘኋት። ፊቷ አብጦ ልለያት አልቻልሁም ነበር። «እማ፣ በየት መጣሽ?» አለችኝ። በመኪና አልኋት፤ ሌላውን አልነገርኋትም። በማግስቱ በኦፕራሲዮን ወለደች። በሩ ላይ ቆሜ ሐኪሙ ሲወጣ ፊቱን ለማየት ፈራሁና ጫማውን አየሁት። «ሁለቱም ደህና ናቸው» ሲለኝም ጫማውን እያየሁ ነበር። ሴት ናት። ትንሽ ናት፣ ግን ጡት ትይዛለች። ግንባሯ ያንተ ነው።

ፍርሃቴ ለቀቀኝ ብዬ አልዋሽህም። እዚህም አንዳንዴ ከሩቅ ተኩስ ይሰማል፤ ሕፃኗ ሳትነቃ እኔ እነቃለሁ። መስኮት አጠገብ አላስተኛትም። ለሙት ዓመትህ ደግሞ በዚያው መንገድ ወደ ቢቸና መመለስ አለብኝ። መንገዱ ከተከፈተ እመጣለሁ። ካልተከፈተም እዚሁ ሞጣ ደብሩ ላይ አስቀድሼ፣ ዝክርህን ለነዳያን አቀርባለሁ።

ካህኑ በክርስትና ስምህ ወልደ ገብርኤል ብለው ይጠሩሃል፤ እግዚአብሔር የሚያውቅህ በእሱ ነው። ይህች ልጅ ግን ወልደ ገብርኤልን አታውቀውም። ለእሷ ስለ ጌታነህ የምነግራት እኔ ነኝ፤ እየፈራሁም ቢሆን በሕይወት እስካለሁ ድረስ እነግራታለሁ።

የሺ