ሁለቱ ለሞተሩ፣ ሦስቱ ለቤቱ

አሰላሙ ዐለይኩም ሙሜ። ዘወትር በዱዓዬ የማደርስልህን ሰላምታ ዛሬ በወረቀት አደረግኩት። ከተለየኸን አንድ ዓመት ከአምስት ወር ሆነ። በሕይወትህ ሳለህ «የፉአድ አባት» እያልኩ እንጂ በስምህ ጠርቼህ አላውቅም። አሁን ግን ስምህ አፌ ላይ ናፈቀኝ፤ አትቀየመኝ።

ደህና ነን፣ አልሐምዱሊላህ። የአራት ወር ከአስር ቀን የሐዘን ጊዜዬን፣ ዒዳዬን፣ እንደጨረስኩ ሱቋን መልሼ ከፈትኩ። ጭሮም እንደተውካት ናት፤ አቧራዋም ወሬዋም አልቀነሰም። የቆርቆሮው በራችን አረንጓዴ ተቀባ። ቀለሙን ብታየው አትወደውም፣ እኔም አልወደድኩትም፤ ልጃችን በገዛ እጁ ስለቀባው ግን ዝም አልኩ። ሽርጦችህን ለሰው ሰጠኋቸው፤ ሰማያዊዋን አስቀርቻለሁ። አንዳንዴ ሳትቆሽሽ አጥባታለሁ።

ነጯም አለች። ይህን ደብዳቤ የምጽፍልህ በእሷ ነገር ነው።

አስራ ዘጠኝ ዓመት ከመቻራና ከገለምሶ ቡና የጫንክባትን ፒካፕ አሁን ፉአድ ይነዳታል። ቡናውን ግን ትቶታል። ከገለምሶ ጫት እያነሳ ጭሮ ያደርሳል። ቡና ይጠብቃል፣ ጫት አይጠብቅም። ነጯ ደግሞ አርጅታለች፤ ዳገት ላይ ትንፋሽ ያጥራታል። ሌሎቹ ጥሩምባ እየነፉ አልፈውት ይሄዱና እሱ ሲደርስ ገዢው ገዝቶ ጨርሷል፣ በእጁ ያለውም ቅጠል ጠውልጓል። ታዲያ ያንን ሁሉ ንዴት ይዞልኝ ይመጣል። በሩን በእግሩ ይከፍታል፣ ጨው አነሰ ብሎ ሳህኑን ይገፋል። እኔም ታውቀኛለህ፣ ዝም ማለትን ከእናቴ አልወረስኩም።

አንድ ቀን ምሳ ላይ «አዮ፣ አንቺና ይቺ መኪና ዕድሜዬን ጨረሳችሁት» አለኝ። እኔም ሳላስብ «አባትህ በዚህችው መኪና ነው ያሳደገህ፤ አንተ የእሱን ግማሽ እንኳ አልወጣህም» አልኩት። ሙሜ፣ ይህን ቃል ብውጠው ኖሮ። ልጁ እጁን ታጥቦ ወጣ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ገለምሶ ማደር ያዘ። ለአስራ አንድ ቀን እቤቱ አልገባም። አስራ አንዱንም ቀን ሩዝ ለሁለት ሰው ቀቀልኩ።

በአስራ ሁለተኛው ቀን መጣ፤ ግን ወደ ቤት አልገባም። እንደ ማንም ደንበኛ የሱቋ መስኮት ላይ ቆመ። ዱባይ ያለው የእህትህ ልጅ ለሞተሩ ጉልበት የሚጨምር ዕቃ እልክልሃለሁ ብሎታል። ዕቃው ሁለት ዓይነት ነው፤ አንደኛው ሱፐርቻርጀር፣ ሌላኛው ቱርቦ ይባላል። ፉአድ የፈለገው ሱፐርቻርጀሩን ነው። መኪናዋ የአባቴ ናትና ያለ አንቺ ፈቃድ አልነካትም አለኝ፤ ይህን አደብ ከአንተ ነው የወሰደው። እምቢ ካልሽ ግን ትሸጥና ሌላ ሥራ ልፈልግ ሲል ጨመረ። በእኛ አገር ልጅ «ሌላ ሥራ» ሲል ባሕሩን መሻገሩ እንደሆነ ታውቃለህ። የሄዱትን ታውቃለህ፣ ያልደረሱትንም ታውቃለህ። እጄ ላይ የነበረውን የስኳር ከረጢት እንዳልጥለው አጥብቄ ያዝኩት።

በማግስቱ ጋሽ ታደሰ ጋራዥ ሄድኩ። ነጯ ከመጣች ጀምሮ ከእሱ እጅ ወጥታ አታውቅም። አሮጌ ጎማ ላይ ካርቶን አንጥፎ አስቀመጠኝና እጁን በጨርቅ እየጠረገ አስረዳኝ። ሱፐርቻርጀር ቺንጋ በሚሉት የጎማ ቀበቶ ከሞተሩ ጋር ይታሰራል፤ ከራሱ ከሞተሩ ጉልበት ቀንሶ አየር ይነፋለታል። ገና እግር ሲነካው ይዘላል፣ ቤንዚንም እንደዚያው ይጠጣል። ፉአድ ለምን እንደወደደው ገባኝ፤ ቁርጥ እሱን ነው። ቱርቦው ደግሞ የሚዞረው በጭሱ ነው፣ እስከ ዛሬ ሜዳ ላይ ሲጣል በኖረው ጭስ። ትንሽ ዘግይቶ ይነሳል፤ ከተነሳ በኋላ ግን አየሩ በሚሳሳበት በእኛ ዳገት ላይ ሹፌሩን አይከዳውም።

ቀጥሎ ጋሽ ታደሰ «ቱርቦ ግን አንድ አመል አለው» አለኝ። ዳገት ወጥቶ የመጣ ቱርቦ እሳት ነው። እንደደረሱ ሞተሩን ቢያጠፉት ዘይቱ እውስጡ ያርራል። ስለዚህ ሹፌሩ መኪናውን አቁሞ፣ ቤንዚን ሳይረግጥ፣ ሞተሩ እየሠራ ሁለት ደቂቃ ያህል ይቀመጣል። ከዚያ በኋላ ነው የሚያጠፋው።

«ሙሜም እንደዚያ ያደርግ አልነበር?» አልኩት።

ታስታውሳለህ አይደል? ሁልጊዜ በር ላይ ስትደርስ ሞተሩ አይጠፋም። ምግቡን አሙቄ እጠብቅሃለሁ፣ አንተ አትወርድም። እኔም በአጥሩ ላይ «ቤንዚን በነጻ ነው እንዴ የሚቀዳው?» እያልኩ እጮህብሃለሁ። ይህም አልበቃኝ፤ በስልክ የሚያወራት ሌላ ሴት አለችው ብዬ ጠረጠርኩህ። አንድ ቀን ጫማዬን አውልቄ በጎረቤት ግቢ ዞሬ በመስኮቱ አየሁህ። ሁለት እጅህን መሪው ላይ አድርገህ፣ ዓይንህን ጨፍነህ፣ ከንፈርህ ብቻ ይንቀሳቀሳል። በሩን ብርግድ አድርጌ ስከፍተው ደነገጥክና «ሞተሩ ይቀዝቅዝ ብዬ ነው» አልከኝ። አመንኩህ። ከዚያ በኋላ እንደ መካኒክ ለጎረቤቶቼ ሁሉ አስተማርኩ፤ መኪና ሳይቀዘቅዝ አይጠፋም አልኳቸው።

ጋሽ ታደሰ ሳቀ። ከዚያ ፊቴን አየና ሳቁን ተወው። «ነጯ ቱርቦ የላት፣ ምን ትጠብቃለች? ደርሶ ማጥፋት ነው። ሙሜም ይህን አሳምሮ ያውቃል» አለኝ። እሱም አንድ ጊዜ በዚሁ ነገር ቀልዶብህ እንደነበር ነገረኝ። አንተ ግን ሳትስቅ፣ «ጋሽ ታደሰ፣ መንገዱን ተሸክሜ ቤት አልገባም፤ ሴትዮዋ ምን በደለችኝ?» ብለህ መለስክለት።

እዚያው ጎማው ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ ሙሜ። በዚህ ቤት ውስጥ ድምፅህን ከፍ አድርገህብኝ አታውቅም፤ እኔ ግን ተፈጥሮህ ነው ብዬ ነበር። ስናደድብህ «በረዶ» እያልኩ ሰድቤሃለሁ። ለካ በየቀኑ በር ላይ ተቀምጠህ የፍተሻው ኬላ ላይ የዋልክበትን፣ የመቻራን ጭቃ፣ የነጋዴውን ክርክር አንድ በአንድ እያራገፍክ ነበር የምትገባው። ያውም እኔ በአጥሩ ላይ እየጮህኩብህ። ብታውቀኝ ኖሮ አልልህም፤ ታውቀኝ ነበር። እኔ ነኝ አንተን ያላወቅሁህ።

ዕንባዬን ጠርጌ ለጋሽ ታደሰ ቱርቦው ይሁን አልኩት። መጀመሪያ ግን ፍሬኑ ከነመለዋወጫው አዲስ ይደረግ፤ ጉልበቱም ለዳገቱ የሚበቃ ያህል ብቻ ይጨመርላት። እሱም አሮጊት ሞተር ብዙ ስለማይሸከም ልክ ነሽ አለኝ። ከዚያ አንድ ነገር ለመንኩት። ለፉአድ ስትነግረው ሁለት ደቂቃ አትበለው፤ አምስት በልልኝ።

«የፉአድ እናት፣ በስተርጅናዬ ልታስዋሺኝ ነው?» አለ። ጨርቁን ደጋግሞ አጠፈ፣ ዘረጋ። ኋላ «እሺ፣ ውሸትም አይደል። ሁለቱ ለሞተሩ፣ ሦስቱ ለቤቱ» አለኝ።

ፉአድ አኮረፈ። ሱፐርቻርጀሩ ይሻለኝ ነበር ብሎ ሁለት ቀን አጉረመረመ፤ በጋሽ ታደሰ ቃል ላይ ግን ቃል አልጨመረም። ዕቃው ከዱባይ መጣ፣ ተገጠመ፣ ፍሬኑም ተቀየረ። ጋሽ ታደሰ ቁልፉን ሲሰጠው ፊቱን እንደ ዳኛ አኮሳትሮ፣ አምስት ደቂቃ ካልጠበቅካት ትቃጠላለች፣ ከዚያ እኔ ጋ እንዳትመጣ አለው።

በዚያው ሳምንት ዓርብ፣ ከጁምዓ በኋላ፣ ሩዙን አውጥቼ ስጨርስ ነጯ በር ላይ ቆመች። ሞተሩ አልጠፋም። ያ ድምፅ ግድግዳውን አልፎ ሲገባ እግሬ ሳላዘው ወደ አጥሩ ተነሳ፤ የአስራ ዘጠኝ ዓመት ልማድ ቀላል ነገር አይደለም። አፌን በሻሼ ያዝኩት። ከዚያ ለአንተ አድርጌው የማላውቀውን አደረግኩ። ወጣሁና በወዲያኛው በር ገብቼ አጠገቡ ተቀመጥኩ።

አየኝና መልሶ ወደ ፊት አየ። መኪናው ውስጥ እርጥብ ጫትና የጋለ ብረት ይሸታል። ትንሽ ቆይቶ ዳገቱን በሦስተኛ ማርሽ እንደወጣው ነገረኝ። ማሻአላህ አልኩት። ከእኔ የሚጠበቀውን ቃል አውቀዋለሁ፤ በምሳው ላይ ያልኩህን እኔ አላምንበትም፣ ተናድጄ ነው፣ አፉ በለኝ ልጄ አልኩት። መሪውን በአውራ ጣቱ ሲያሻሽ ቆየና «እኔም አፉ በይኝ» አለ። እጁን ያዝኩት። ያንተው እጅ ነው፣ ጥፍሩ ሳይቀር።

ቀጥሎ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «አዮ፣ ስልኬ ላይ አይቼዋለሁ። ሁለት ደቂቃ ይበቃል ይላል።»

ተያዝኩ። ፊቴን ወደ መስታወቱ አዞርኩ። አሁን እጁ ወደ ቁልፉ ይሄዳል ብዬ ጠበቅኩ። አልሄደም። ወንበሩ ላይ ደገፍ አለና ዓይኑን ጨፈነ። ሞተሩ በቀስታ እየሠራ ነው። ሩዙ እየቀዘቀዘ እንደሆነ አውቃለሁ፣ እሱም አወቀ መሰለኝ፣ «ምሳው አይቀዘቅዝም?» አለኝ ዓይኑን ሳይገልጥ።

«ይቀዝቅዝ» አልኩት።

ሙሜ፣ አሁን ማታ ማታ እቤቱ ነው የሚያድረው። ሁልጊዜ መልአክ ሆኖ አይገባም፤ አንዳንድ ቀን አምስቱም ደቂቃ አይበቁትም። ግን በሩን በእጁ ይከፍታል። እኔም ነጯ በር ላይ ስትቆም ሥራዬን አቁሜ ከቁርኣን ፋቲሓን እቀራልሃለሁ። ከዚያ ስምህን እየጠራሁ የማስታውሰውን አስታውሳለሁ፤ ሞተሩ እስኪጠፋ የእኔና የአንተ ጊዜ ነው። አላህ ዕድሜ እስከሰጠኝ ድረስ አንድም ቀን አላስታጉልብህም። በአጥሩ ላይ ደግሞ ከእንግዲህ አልጮህብህም። እስክትወርድ እጠብቅሃለሁ።